አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ኔትወርክ፦ የትኛው መፍትሔ ለየትኛው ችግር?

ኬብሉ ተሰክቷል። ዋይፋዩም ገብቷል። ሁለቱም "ተገናኝቷል" ይላሉ። ግን የቢሮው ሰርቨር ሲከፈት ኢንተርኔቱ ይጠፋል፤ ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሰርቨሩ አልገኝም ይላል። ኬብሉን ነቅላችሁ ስትመልሱት ለአምስት ደቂቃ ይስተካከላል። ከዚያ ያው ነው።

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይባላል። ብዙ ሰው ሁለት ኔትወርክ ሲያገናኝ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ኮምፒውተር ግን ባላ የሚመርጠው በራሱ ደንብ ነው። አንዱን ይይዛል፤ መስመሩ የትም የማያደርስ ቢሆንም ኬብሉ እስካልተነቀለ ድረስ ሙጭጭ ይላል።

መፍትሔ መጠየቅ ስትጀምሩ ሌላ ግራ መጋባት ይመጣል። አንዱ "ሜትሪኩን ቀይረው" ይላችኋል። ሌላው "ጌትዌዩን አጥፋው" ይላል። ሦስተኛው ሁለት መስመር የሚቀበል ራውተር ያስገዛችኋል። አራተኛው "ቪፒኤን እያለ ምን ያስለፋል?" ይላል። አንዳቸውም አልተሳሳቱም። የሚያወሩት ግን እነሱ ገጥሟቸው ስለነበረው ችግር ነው፤ የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የትእዛዞቹን ስም እዚህ የጻፍኩት እንደሚነበበው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

## ኮምፒውተሩ በር የሚመርጠው እንዴት ነው?

ይህን ሳታውቁ የትኛውንም መፍትሔ ብትሞክሩ በጨለማ መዳበስ ነው የሚሆንባችሁ። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

እያንዳንዱ ኮምፒውተር ራውቲንግ ቴብል የሚባል የመንገድ ሰንጠረዥ አለው። አንድ መልእክት ሊወጣ ሲል ኮምፒውተሩ ሰንጠረዡን ያያል። ደንቡ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ መድረሻውን ይበልጥ ለይቶ የሚጠቅሰው መስመር ያሸንፋል። በአንድ ዓይነት ቁጥር የሚጀምሩ አድራሻዎችን ሰፈር እንበላቸው፤ በሙያው ቋንቋ ሳብኔት ነው። "ወደ 10.20.5 ሰፈር የሚሄድ በዚህ በር ይውጣ" የሚለው መስመር "በ10 የሚጀምር ሁሉ በዚያ በር ይውጣ" ከሚለው ይቀድማል። እኩል ከሆኑ ሜትሪኩ ያነሰው ያሸንፋል። ሜትሪክ የመንገዱ ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒውተር ርካሹን ይመርጣል።

ከመስመሮቹ መካከል በ0.0.0.0 የሚጻፍ አለ። ትርጉሙ "ሌላው ሁሉ በእኔ ይውጣ" ነው። ዲፎልት ጌትዌይ የምንለው እሱ ነው። ችግሩ የሚወለደውም እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ኔትወርኮች ራውተር አላቸው። ሁለቱም ራውተሮች ዲኤችሲፒ በሚባለው አሠራር አድራሻ በራሳቸው ሲያድሉ "ሌላው ሁሉ በእኔ ይውጣ" የሚለውን አብረው ይልካሉ። ኮምፒውተሩ ሁለት ዋና በር ይኖረዋል፤ ሜትሪኩን አይቶ በአንዱ ብቻ ይወጣል።

ዊንዶውስ ሜትሪኩን ራሱ ያወጣዋል፤ መነሻው የመስመሩ ፍጥነት ነው። 1 ጊጋቢት ያለው ኬብል ብዙውን ጊዜ 25 ያገኛል፤ ዋይፋይ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። ሊኑክስ ላይ ኔትወርክ ማኔጀር ለኬብል 100፣ ለዋይፋይ 600 ይሰጣል። ማክ በሴቲንጉ ውስጥ በተደረደረው የአገልግሎት ቅደም ተከተል ይሄዳል። እንግዲህ ኢንተርኔት የሌለው ኬብል ኢንተርኔት ያለውን ዋይፋይ ሲያሸንፍ አይግረማችሁ። ፍጥነቱ የታየው ከኮምፒውተሩ እስከ ስዊቹ (ኬብሎቹ እስከሚሰበሰቡበት ሳጥን) ድረስ ብቻ ነው። ከስዊቹ ወዲያ ምን እንዳለ ሜትሪኩ አያውቅም።

## ከመምረጣችሁ በፊት በሽታውን ለዩ

ዊንዶውስ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ ክፈቱና "አይፒኮንፊግ" ብላችሁ ከኋላው "/ኦል" ጨምሩ። የሁለቱንም ኔትወርክ ካርዶች አድራሻ ጎን ለጎን እዩ። አንዱ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ያ ካርድ ከዲኤችሲፒ መልስ አላገኘም ማለት ነው። ከታች ያሉት መፍትሔዎች ምንም አይረዷችሁም፤ ኬብሉን፣ ስዊቹን ወይም ዲኤችሲፒውን አስተካክሉ።

ሁለቱም አድራሻዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮቻቸው አንድ ከሆኑስ? ለምሳሌ ወዲህም 192.168.1፣ ወዲያም 192.168.1? ይህ ነገር እኔን አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን በልቶብኛል። ፕሪንተሩ በኬብሉ በኩል ነበር፤ አድራሻው 192.168.1.50። አልሠራም አለ። ድራይቨሩን አጥፍቼ ጫንኩ፣ ኬብል ቀየርኩ። በመጨረሻ የራውተሩን ገጽ ከፍቼ ሴቲንግ መነካካት ጀመርኩ። የምነካካው ግን የሌላኛውን ኔትወርክ ራውተር ኖሯል። ሁለቱም ራውተሮች ከፋብሪካ በወጡበት አድራሻ፣ በ192.168.1.1 ላይ ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰፈር በአንድ ስም ሲጠራ እንዴት ይለያቸው? እንዲህ ከሆነ ሜትሪክም ቋሚ መንገድም አያድናችሁም። አንዱን ራውተር ወደ ሌላ ሰፈር፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.50 ቀይሩት። በግል ኔትወርክ ውስጥ ለመጠቀም የተፈቀዱት በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። ቦታ ሞልቷል።

ቀጥሎ "ራውት ፕሪንት" በሉ። ሊኑክስ ላይ "አይፒ ራውት" ነው። በ0.0.0.0 (ሊኑክስ ላይ "ዲፎልት" በሚለው ቃል) የሚጀምሩ ስንት መስመሮች አሉ? ሁለት ከሆኑ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው። ሜትሪኩ ያነሰው የትኛው እንደሆነ ጻፉት።

ከሁሉ የምወደው ምርመራ ግን "ትሬስርት" ነው። አልደረስ ያላችሁን አድራሻ ስጡትና የመጀመሪያውን መስመር ብቻ እዩ። እዚያ የሚወጣው ቁጥር መልእክቱ የወጣበት በር ነው። የተሳሳተው በር ከሆነ ችግሩ የመንገድ ነው። ትክክለኛው በር ሆኖ ከዚያ ወዲያ ከቆመ ችግሩ ከእናንተ ኮምፒውተር ውጭ ነው። የኔትወርክ ባለሙያ ጥሩ።

በቁጥር ሲደረስ በስም የማይደረስ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው የዲኤንኤስ ነው። የቢሮውን ሰርቨር ስም የሚያውቀው የቢሮው ዲኤንኤስ ብቻ ነው። የውጭው ሲጠየቅ "እንዲህ የሚባል የለም" ብሎ ይመልሳል። መንገዱን ስታስተካክሉ ብትውሉ ይህ አይድንም።

አንድ ማሽን መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቀውን የ"ፒንግ" ትእዛዝ በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። የዊንዶውስ ፋየርዎል በተለምዶ ከውጭ ለሚመጣ ፒንግ መልስ አይሰጥም። ዝም ተባላችሁ ማለት ማሽኑ የለም ማለት አይደለም።

ሰውን ግራ የሚያጋባ አንድ ምልክት አለ። ክፍላችሁ ውስጥ ያለ ሰው ኮምፒውተራችሁን ያገኘዋል፤ ከሌላ ፎቅ ያለው ግን አያገኘውም። ምክንያቱ ይህ ነው። የሌላው ፎቅ ሰው በሌላ ሳብኔት ላይ ነው። ጥያቄው በኬብሉ ገባ። ኮምፒውተራችሁ መልስ ሊሰጥ ሲል ያንን ሰፈር ለይቶ አያውቀውም፤ ስለዚህ "ሌላው ሁሉ" ወደሚወጣበት ወደ ዋይፋዩ በር ሰደደው። በፊት በር የገባ ጥያቄ በጓሮ በር ተመለሰ፤ መንገድ ላይ ቀረ።

ዋይፋዩ ኬብል በተሰካ ቁጥር ራሱ የሚቋረጥ ከሆነስ? ብልሽት ላይሆን ይችላል። ዊንዶውስ ከ8ኛው ስሪት ጀምሮ በአንድ ጊዜ ያሉትን ግንኙነቶች ቁጥር ለመቀነስ ይሞክራል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ አስተዳዳሪው ሆን ብሎ ከልክሎት ይሆናል። መጀመሪያ ጠይቁ።

## መስፈርቶቹ

አማራጮቹን የማነጻጽረው በአምስት ጥያቄ ነው። እናንተም መልሳችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

- ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ያስፈልጋሉ? ወይስ ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው ይበቃል?
- ኔትወርኩ የማን ነው? በራሳችሁ ራውተር የፈለጋችሁትን ታደርጋላችሁ። የመሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል።
- ሁለቱ ቢደባለቁ ምን ይሆናል? ሁለት ኔትወርክ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ራሱ በመካከላቸው በር ነው። በአንዱ የገባ ቫይረስ ሌላውን ያገኘዋል።
- ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ፣ ወይም ቦታ ሲቀይር መፍትሔው ይዘልቃል?
- ወጪውስ? የገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ነገ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ጊዜም።

## አማራጭ 1፦ ነቅሎ መሰካት

ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ግን አትናቁት። ሰርቨሩን በቀን አንድ ጊዜ ፋይል ለመገልበጥ ብቻ የምትፈልጉት ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም። ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። ኔትወርኮቹም በአንድ ጊዜ ስለማይገናኙ ለጥንቃቄ ይመቻል። ኬብሉን ከመንቀል ይልቅ ካርዱን ከኔትወርክ ሴቲንጉ "ዲሴብል" ማድረግ ይሻላል፤ የኬብል ጫፍ በየቀኑ ሲነቀል ይላላል።

የማይሆነው ሁለቱንም በአንድ ቅጽበት ለሚፈልግ ሰው ነው።

## አማራጭ 2፦ ሜትሪክ ወይም ቅደም ተከተል መቀየር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመክረው ይህንን ነው። ዊንዶውስ ላይ የካርዱን የአይፒቪ4 ሴቲንግ ከፍታችሁ፣ "አድቫንስድ" ውስጥ ገብታችሁ፣ "አውቶማቲክ ሜትሪክ" የሚለውን ታነሡና ቁጥር ትጽፋላችሁ። ዋይፋዩን 10፣ ኬብሉን 50 ብትሉ "ሌላው ሁሉ" በዋይፋይ ይወጣል። ማክ ላይ ዋይፋዩን ጎትቶ ከላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ዲኤችሲፒውንም አይነካም። በኬብሉ በኩል የምትፈልጉት ነገር ሁሉ በዚያው ሳብኔት ውስጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ አጠገባችሁ ያለ ፕሪንተር ብቻ ከሆነ፣ በቂ ነው።

ነገር ግን አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ሁለቱ ዋና በሮች አሁንም አሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው የተቀየረው። በኬብሉ በኩል ከራውተሩ ወዲያ ያለ ሰርቨር ካለ አሁንም አይደረስም፤ ምክንያቱም "ሌላው ሁሉ" ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ዋይፋዩ ለአፍታ ሲቋረጥ ደግሞ ትራፊኩ ሳታውቁት ወደ ኬብሉ ይዞራል። የአይፒቪ6 (የአዲሱ የአድራሻ ዓይነት) ሜትሪክ ለብቻው እንደሆነም አትርሱ። አይፒቪ4ን አስተካክላችሁ "ለምን አልተለወጠም?" የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው።

## አማራጭ 3፦ አንድ ዋና በር እና ቋሚ መንገድ

እኔ ለብዙ ሰው የምመክረው ይህንን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

"ሌላው ሁሉ በእኔ ይውጣ" የማለትን መብት ለአንዱ ኔትወርክ ብቻ ትሰጣላችሁ፤ ኢንተርኔት ላለው። ከሌላው ላይ ጌትዌዩን ታነሣላችሁ። የሌላው ኔትወርክ የራሱ ሰፈር ያለ ጌትዌይም ይደረሳል፤ ኮምፒውተሩ በቀጥታ የተሰካበትን ሰፈር ያውቀዋልና። ከዚያ ሰፈር ያለፈ የምትፈልጉት ነገር ካለ ለእሱ ለይታችሁ መንገድ ትጽፋላችሁ። የመጀመሪያውን ደንብ አስታውሱ፤ ለይቶ የሚጠቅስ መስመር ያሸንፋል። ሜትሪክ ውስጥ አይገባም።

በምሳሌ እንየው። በኬብሉ በኩል የእናንተ አድራሻ 192.168.50.23፣ ራውተሩ 192.168.50.1 ነው። ሰርቨሮቹ በ10.20 ሰፈር ናቸው። ኢንተርኔቱ በዋይፋይ ነው። የኬብሉን ካርድ አድራሻ በእጅ ትሞሉና የጌትዌዩን ቦታ ባዶ ትተዉታላችሁ። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአስተዳዳሪ መብት ከፍታችሁ "ራውት -ፒ አድ 10.20.0.0 ማስክ 255.255.0.0 192.168.50.1" ትላላችሁ። አለቀ። "-ፒ"ን አትዝለሏት። እሷ ከሌለች መንገዱ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ይጠፋል። "ትናንት ሠርቶ ነበር እኮ" የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ መነሻው እሷ ናት።

አድራሻ በእጅ ከመሙላታችሁ በፊት ግን የኔትወርኩን ኃላፊ ጠይቁ። ዲኤችሲፒው ያንኑ ቁጥር ለሌላ ሰው ቢሰጠው ሁለታችሁም ትቸገራላችሁ። በእጅ መሙላት ካልፈለጋችሁ ዊንዶውስ በ"ኔትኤስኤች" ትእዛዝ በኩል "ኢግኖርዲፎልትራውትስ" የሚባል አማራጭ አለው። አድራሻው በዲኤችሲፒ ይመጣል፣ የተላከው ዋና በር ግን ችላ ይባላል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ግንኙነቱን በራሱ ኔትወርክ ላሉ ነገሮች ብቻ ተጠቀም የሚል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለ። ከሁሉ የሚያምረው ይኸኛው ነው።

ዲኤችሲፒው በእጃችሁ ከሆነና ኮምፒውተሮቹ ብዙ ከሆኑ እያንዳንዱ ጋ መዞር አያስፈልግም። ከዲኤችሲፒው ሴቲንግ ላይ ጌትዌይ የሚልከውን "ኦፕሽን 3" አንሡ፤ በምትኩ የተለዩ መንገዶችን የሚልከውን "ኦፕሽን 121" ሙሉ። ኮምፒውተሮቹ አድራሻ ሲቀበሉ መንገዱንም አብረው ይቀበላሉ።

አሁን ወጥመዱ። ዊንዶውስ አንድን ኔትወርክ ለይቶ የሚያውቀው በጌትዌዩ ነው። ጌትዌዩን ስታነሡ "ያልታወቀ ኔትወርክ" ይለዋል፤ እንደ ሕዝብ ቦታ ይቆጥረውና ፋየርዎሉን ያጠብቃል። ውጤቱ ያናድዳል፦ መንገዱ ተስተካክሎ ፋይል ማጋራት ይቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ጌትዌዩን ይመልሳል። መፍትሔው ኔትወርኩን "ፕራይቬት" ማድረግ ነው። ፓወርሼል ላይ "ሴት-ኔትኮኔክሽንፕሮፋይል" በሚለው ትእዛዝ ይሆናል፤ ካልዘለቀ በሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ ውስጥ ያልታወቁ ኔትወርኮች ሁሉ ፕራይቬት እንዲሆኑ ማዘዝ ይቻላል። ሁለተኛውን ቦታ በማይቀይር ኮምፒውተር ላይ ብቻ አድርጉት። ላፕቶፕ ላይ ካደረጋችሁት የማታውቁት ሰው ኔትወርክም እንደ ቤታችሁ ይቆጠራል።

የስሙ ጉዳይም ይቀራል። ሁለት ሦስት ሰርቨሮች ብቻ ከሆኑ ስማቸውንና ቁጥራቸውን ሆስትስ ፋይል ውስጥ መጻፍ ይበቃል። ብዙ ከሆኑ በቢሮው ስም የሚያልቁ ጥያቄዎች ብቻ ወደ ቢሮው ዲኤንኤስ እንዲሄዱ ማድረግ ይቻላል፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም ይህን ይችላሉ።

## አማራጭ 4፦ ሥራውን ለራውተር መስጠት

ኮምፒውተሩ አንድ ግንኙነት ብቻ ይኖረዋል፤ ሁለቱን ኔትወርክ ራውተሩ ይይዛል። ገንዘብ ያስወጣል፤ ግን አሥር ኮምፒውተር ቢኖር አሥሩም አንድ ጊዜ ይገላገላሉ።

ሁለቱም መስመሮች የኢንተርኔት ከሆኑ ከዚህ ሌላ አትፈልጉ። ሁለት መስመር የሚቀበል ራውተር በየጊዜው ወደ ውጭ ይሞክራል፤ አንዱ ሲሞት ወደ ሌላው ይዞራል። ባላውን በትክክል የሚተክለው እሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ አስኪዱ ስትሉት ግን ተጠንቀቁ። አንድ ዳውንሎድ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚሄድ ፍጥነቱ አይደመርም። አንዳንድ የባንክ ገጾች ደግሞ አድራሻችሁ በመሀል ሲለወጥ ያስወጧችኋል። ለእነዚህ አንድ መስመር ለይቶ መመደብ ያስፈልጋል።

አንደኛው የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ከሆነ ግን የራሳችሁን ራውተር ሳትጠይቁ እዚያ አትሰኩ። ኬብሉን በተሳሳተው ፖርት ከሰካችሁት ራውተራችሁ ለሌሎች ሰዎች ኮምፒውተሮች አድራሻ ማደል ይጀምራል። ያን ቀን ስማችሁ በየቢሮው ይነሣል።

## አማራጭ 5፦ በአንዱ መግባት፣ ወደ ሌላው በቪፒኤን

ኢንተርኔት ባለው ኔትወርክ ትገናኛላችሁ፤ ወደ ቢሮው በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ መስመር፣ ትገባላችሁ። መሥሪያ ቤቱ ቪፒኤን ካለው ለላፕቶፕ ይህንን የሚወዳደር የለም። ቦታ ብትቀይሩም ይሠራል።

ወሳኙ ጥያቄ ሁሉም ትራፊክ በቪፒኤኑ ይሂድ ወይስ የቢሮው ብቻ ነው። ሁለተኛው ስፕሊት ተነል ይባላል። በዊንዶውስ ቪፒኤን ላይ የርቀቱን ኔትወርክ ጌትዌይ ተጠቀም የሚለውን ምልክት ማንሣት ነው። ኦፕንቪፒኤን ላይ ግን ብልሃት አለች። ሁሉንም ትራፊክ ሊወስድ ሲፈልግ 0.0.0.0ን ለሁለት ግማሽ ከፍሎ ይጽፈዋል። እያንዳንዱ ግማሽ ከሙሉው ይልቅ "ለይቶ የሚጠቅስ" ስለሆነ ሜትሪክ ምንም ይሁን ያሸንፋል። ሜትሪክ እየቀየራችሁ ምንም ካልመጣ "ራውት ፕሪንት" ውስጥ 128.0.0.0 የሚል መስመር ፈልጉ። ካለ እሱ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ስፕሊት ተነልን ከከለከለ ደግሞ ዘዴ አትፈልጉለት። ያ ውሳኔ የእነሱ ነው።

የቤታችሁ ሰፈር ከቢሮው ጋር አንድ ቁጥር ከሆነ የእኔ የፕሪንተር ታሪክ እዚህም ይደገማል። ስለዚህ የቤት ራውተር ከፋብሪካ ከመጣበት ቁጥር ላይ ቢነሣ ጥሩ ነው።

## አማራጭ 6፦ ጨርሶ መለየት

አንደኛው ኔትወርክ የፋብሪካ ማሽን፣ የሕክምና መሣሪያ ወይም የክፍያ ሥርዓት ከሆነ መደባለቅ የለበትም። ቨርችዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ሠርታችሁ የኬብሉን ካርድ ለእሱ ብቻ ስጡት። በዋናው ኮምፒውተር ላይ የዚያን ካርድ አይፒቪ4ና አይፒቪ6 አጥፉ። ሁለቱም የየራሳቸው አንድ በር አላቸው፤ ጭቅጭቅ የለም። ራም ግን ይበላል።

ይበልጥ ጥብቅ ካስፈለገ ሁለተኛ ኮምፒውተር ነው። በአንድ ስክሪንና ኪቦርድ ሁለቱን የሚያፈራርቅ የኬቪኤም ስዊች አለ።

ቨርችዋል ሶፍትዌሮች የራሳቸውን ኔትወርክ ይዘው እንደሚመጡም እወቁ። ዶከር በተለምዶ 172.17ን፣ ቨርችዋልቦክስ 192.168.56ን ይይዛሉ። የቢሮው ሰርቨር በ172.17 ሰፈር ከሆነ ዶከር የጫናችሁ ቀን ይጠፋችኋል።

## የማይመከረው፦ ብሪጅ

ዊንዶውስ ሁለቱን ካርዶች መርጣችሁ "ብሪጅ" እንድታደርጉ ይፈቅዳል። ስሙ ያማልላል። ሥራው ግን ሁለቱን ኔትወርኮች አንድ ማድረግ ነው። ሁለት ዲኤችሲፒዎች በአንድ ሰፈር ይገናኛሉ፤ ሰዎች የተሳሳተ አድራሻ ያገኛሉ። ሁለቱ ኔትወርኮች ሌላ ቦታ ላይም ከተገናኙ መልእክቱ ክብ እየዞረ ሁለቱንም ያንቃል። ከሁለት ያጣ መሆን ነው።

## በአጭሩ ጎን ለጎን

| መፍትሔ | ሁለቱም በአንዴ? | ወጪ | የሚጠይቀው እውቀት | ሲጠፋና ሲበራ | ለመደባለቅ ያለው ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. ነቅሎ መሰካት | አይ | የለም | የለም | በእጅ ነው | ዝቅተኛ |
| 2. ሜትሪክ | በከፊል | የለም | ትንሽ | ይዘልቃል | አለ |
| 3. አንድ በርና ቋሚ መንገድ | አዎ | የለም | መካከለኛ | በ"-ፒ" ይዘልቃል | አለ |
| 4. ራውተር | አዎ፣ ለሁሉም ኮምፒውተር | የዕቃ ግዢ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ይዘልቃል | እንደ አሠራሩ |
| 5. ቪፒኤን | አዎ | አገልግሎቱ ካለ የለም | ትንሽ | እንደገና መግባት | በመሥሪያ ቤቱ ቁጥጥር |
| 6. መለየት | አዎ፣ ጎን ለጎን | ከራም እስከ ሁለተኛ ኮምፒውተር | መካከለኛ | ይዘልቃል | ከሁሉ ዝቅተኛ |

## ለማን የትኛው?

ቦታ የማይቀይር የቢሮ ኮምፒውተር ካላችሁ፣ አንዱ ኔትወርክ የውስጥ፣ ሌላው የኢንተርኔት ከሆነ፣ ፈቃድም ካገኛችሁ፣ 3ኛው ነው። ኪስ አይነካም፤ አንድ ጊዜ በትክክል ከተሠራ ይረሳል። ብዙ ሰው በዚህ ክፍል ውስጥ ነው ያለው።

በኬብሉ በኩል የምትፈልጉት አንድ ፕሪንተር ወይም አንድ ካሜራ ብቻ ከሆነ 2ኛው ይበቃችኋል። ነገ ሌላ ሰፈር ያለ ነገር ሲጨመር ወደ 3ኛው ትሻገራላችሁ።

ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትዞሩ ከሆነ ቋሚ መንገድ አታብዙ። ዛሬ ትክክል የሆነው 192.168.50.1 ነገ በሌላ ቦታ የማታውቁት ሰው ራውተር ሊሆን ይችላል። ቪፒኤን ካለ ቪፒኤን፤ ከሌለ ነቅሎ መሰካት።

ሁለት የኢንተርኔት መስመር ከፍላችሁ አንዱ ሲቋረጥ ሥራ እንዳይቆም ከፈለጋችሁ ገንዘባችሁን ራውተር ላይ አውሉት። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ሜትሪክ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ ኬብሉ እንደተሰካ ኢንተርኔቱ ብቻ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ በር አይቀይርም።

የውስጡ ኔትወርክ ላይ ያለው ነገር ቢበላሽ ሰው የሚጎዳ ወይም ገንዘብ የሚጠፋ ከሆነ በጀት ሳትሉ 6ኛውን ያዙ። አቅም ከሌለ 1ኛውን ያዙ እንጂ 2ኛና 3ኛን አትሞክሩ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመንካታችሁ በፊት የ"አይፒኮንፊግ"ንና የ"ራውት ፕሪንት"ን ውጤት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የጻፋችሁት መንገድ ካልሠራ በ"ራውት ዲሊት" ይሰረዛል። የጠፋው ጌትዌይ ቁጥር ግን ከፎቶው ነው የሚገኘው፤ ኢንተርኔት ላይ ገብታችሁ እንዳትፈልጉት ያን ሰዓት ኢንተርኔቱ ራሱ ላይኖር ይችላል።